ሰዓቱን ማን ያዘው?
ስለ አንጋፋ ዋናተኞችና ስለ ሰዓት አያያዝ ስሕተት

የሮም ኦሊምፒክ ሲነሣ በአገራችን ሁሉም ሰው አስቀድሞ የሚያስታውሰው አበበ ቢቂላን ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ምሽት በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ሲፈጽም፣ አሸናፊው ማን እንደሆነ የተጠራጠረ አልነበረም። ሁለተኛ የወጣው ሞሮኳዊ የደረሰው ከ25 ሰከንድ ያህል በኋላ ነው። ሰዓቱን የያዘው እጅ በጥቂት ዐሥረኛ ሰከንድ ቢዘገይ ወይም ቢፈጥን ሜዳሊያውን የሚያዛውር አልነበረም።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ግን፣ ነሐሴ 21 ቀን፣ በዚያችው ከተማ በመዋኛ ገንዳው ውስጥ ሌላ ዓይነት ነገር ደርሶ ነበር። በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ፍጻሜ አውስትራሊያዊው ጆን ዴቪትና አሜሪካዊው ላንስ ላርሰን እኩል ሊባል በሚችል ቅጽበት ግድግዳውን ነኩ። ለእያንዳንዱ ዋናተኛ ሦስት ሰዓት ያዦች ተመድበው ነበር። ዴቪትን የያዙት ሦስቱም ሰዓቶች 55.2 ሰከንድ አሉ። ላርሰንን የያዙት ደግሞ 55.0፣ 55.1 እና 55.1። በሰዓቱ ቢሄድ አሸናፊው ላርሰን ነው። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ደረጃ የሚወሰነው በዓይን በሚፈርዱ ዳኞች ስለነበረ፣ እነርሱም ሦስት ለሦስት ስለተከፈሉ፣ ዋናው ዳኛ ወርቁን ለዴቪት ሰጡ፤ የላርሰንም ሰዓት ወደ 55.2 ከፍ ተደርጎ ተመዘገበ። ለሙከራ ተተክሎ የነበረው አውቶማቲክ መሣሪያ 55.10 ለላርሰን፣ 55.16 ለዴቪት መዝግቦ ነበር፤ ነገር ግን የመሣሪያው ንባብ ሕጋዊ ዋጋ አልነበረውም። አቤቱታው ለዓመታት ቀጥሎ በመጨረሻ ውድቅ ሆነ።

በዚህ ጽሑፍ ስለ ኦሊምፒክ ብቻ መናገር አንፈልግም። የምንመለከተው ማስተርስ በሚል ስም የሚታወቀውን የጎልማሶችና የአንጋፋዎች የዋና ውድድር ነው። ምክንያቱም የሰዓት አያያዝ ስሕተት ከየትኛውም ቦታ ይልቅ እዚያ ይጎዳል ብለን እናምናለን። በሮም ዳኞቹ ተሳሳቱም አልተሳሳቱም፣ ቢያንስ ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን አይተዋቸዋል። በማስተርስ ውድድር ግን ተፎካካሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጊዜ ውኃ ውስጥ አይገኙም።

ተፎካካሪው በሌላ ምድብ ነው

የማስተርስ ዋና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ አገር፣ በቴክሳስ ግዛት አማሪሎ ከተማ በተደረገ ውድድር ነው። ሐሳቡን ካራመዱት ሰዎች ዋነኛው ራንሰም አርተር የተባሉ የባሕር ኃይል ሐኪም ነበሩ፤ የሚያሳስባቸውም ከወጣትነት በኋላ ዋናን የሚተዉ ሰዎች ጤንነት ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ማስተርስ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1986 በቶኪዮ ተካሄደ። ዛሬ ወርልድ አኳቲክስ የሚባለው፣ ቀድሞ ፊና ተብሎ የሚታወቀው ዓለም አቀፍ አካል የሚያስተዳድረው ይህ ውድድር ከ25 ዓመት ጀምሮ ላሉ ሁሉ ክፍት ሲሆን፣ ተወዳዳሪዎቹ በየአምስት ዓመቱ በዕድሜ ክልል ይለያሉ። የ25 ዓመት ወጣት ከአንጋፋዎች ጎራ መቆጠሩ ተማሪ አንባቢዎቻችንን ፈገግ ሳያሰኝ አይቀርም።

ዋናው ነጥብ ግን አደራደሩ ላይ ነው። በብዙ ውድድሮች ተወዳዳሪዎች በየምድቡ የሚመደቡት በዕድሜ ሳይሆን፣ አስቀድመው ባስመዘገቡት ሰዓት ነው። ስለዚህ የ70 ዓመት አዛውንት ከ30 ዓመት ጎልማሳ አጠገብ ሊዋኙ ይችላሉ፤ የዕድሜ እኩያቸው ደግሞ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሌላ ምድብ ይገባል። ውጤቱ ሲወጣ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ቁጥር ብቻ ነው። ማን ቀድሞ ነካ ብሎ የሚመሰክር ዓይን አይኖርም።

ይህ በኦሊምፒክም በማጣሪያ ዙር የሚታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ዴ ጄኔሮ የአገራችን ልጅ ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ 1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ አስመዝግቦ ከ59 ተወዳዳሪዎች 59ኛ ሲባል፣ ከአብዛኞቹ ጋር በአንድ ገንዳ ውስጥ አብሮ አልነበረም። በዓለም ዙሪያ ብዙ የተባለበትን ያን ሰዓት የለካው መሣሪያ፣ በ47.58 ሰከንድ ያሸነፈውን ዋናተኛ የለካው ያው መሣሪያ ነው። ስለ ሮቤል ብዙ የተጻፈ ቢሆንም፣ ሰዓቱ ትክክል አይደለም ያለ አልተሰማም።

በሩጫ ሜዳ አንጋፋነት ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በአትሌቲክስ የማስተርስ ዕድሜ የሚጀምረው ከ35 ዓመት ሲሆን፣ ማሞ ወልዴ በ1968 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ላይ ማራቶንን ሲያሸንፍ 36፣ ከአራት ዓመት በኋላ ሙኒክ ላይ ነሐስ ሲያገኝ 40 ዓመቱ ነበር። ቀነኒሳ በቀለም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2024 በለንደን 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሮጦ ሁለተኛ ሲወጣ የ41 ዓመት ጎልማሳ ነበር፤ በዚያን ጊዜም ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በማራቶን ያስመዘገበው ፈጣኑ ሰዓት ይኸው ነው። እነዚህ ሰዎች የሮጡት ግን በጎዳና ላይ፣ ተፎካካሪያቸውን በዓይናቸው እያዩ ነው።

አውራ ጣትና ኳርትዝ

የሰዓት ስሕተት ሲባል ብዙ ሰው መሣሪያውን ይጠረጥራል። ጥርጣሬው ቦታውን የሳተ ነው። በርካሽ ስቶፕዎች ውስጥ ያለው የኳርትዝ ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ከሚሊዮን 20 እጅ ቢሳሳት እንኳ በቀን የሚያዛንፈው 1.7 ሰከንድ ያህል ነው፤ ይህም በ80 ሰከንድ የዋና ውድድር ውስጥ ከሁለት ሺሕኛ ሰከንድ ያነሰ ነው። ሰዓቱ ይህን ያህል ታማኝ ከሆነ ስሕተቱ የሚመጣው ከየት ነው? ሰዓቱን ከሚጫነው አውራ ጣት ነው።

አንባቢው ይህን በቀላሉ ሊፈትነው ይችላል። አንድ ጓደኛዎ ማስመሪያ ወደ ታች አንጠልጥሎ ሳያስጠነቅቅ ይልቀቀው፤ እርስዎ በሁለት ጣትዎ ይያዙት። 20 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ከተያዘ፣ በነፃ አወዳደቅ ሕግ መሠረት የባከነው ጊዜ 0.2 ሰከንድ ነው። ሰዓት ያዥም መነሻ ላይ ልክ እንደዚሁ ይዘገያል። መድረሻ ላይ ግን ዋናተኛው ሲቀርብ እያየ ስለሚጠብቅ እምብዛም አይዘገይም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ይቀድማል። ሁለቱ ስሕተቶች አይጣፉም። በእጅ የተያዘ ሰዓት ከእውነተኛው የሚያንሰው በዚህ ምክንያት ነው። በአትሌቲክስ በእጅ የተያዘ የ100 ሜትር ሰዓት ከኤሌክትሮኒክ ሰዓት ጋር ሲነጻጸር 0.24 ሰከንድ የሚጨመርበትም ስለዚህ ነው።

በዚህ ላይ የድምፅ ጉዳይ አለ። በ50 ሜትር ገንዳ የ50 ሜትር ውድድር የሚጀመረው በአንደኛው ጫፍ ሆኖ የሚያልቀው በሌላኛው ነው። መድረሻው ላይ የቆመ ሰዓት ያዥ የመነሻውን ፊሽካ ወይም ተኩስ በጆሮው ከጠበቀ፣ ድምፁ 50 ሜትር ተጉዞ እስኪደርሰው 0.15 ሰከንድ ያህል ያልፋል። ሰዓት ያዦች ብርሃኑን ወይም ጭሱን እንጂ ድምፁን እንዳይጠብቁ የሚነገራቸው ለዚህ ነው።

ደንቡ ይህን የሰው ድካም ያውቃል። በአንድ መስመር ላይ ሦስት ሰዓት ያዦች የሚቆሙትም ስለዚህ ነው። አንዲት የ52 ዓመት ዋናተኛ መቶ ሜትር ዋኝታ ሦስቱ ሰዓቶች 1:23.41፣ 1:23.58 እና 1:24.90 አሉ እንበል። ተማሪ ሁሉ እጁ የሚሮጠው ወደ አማካይ ነው፤ አማካዩ 1:23.96 ይሆናል። ደንቡ ግን የሚወስደው መካከለኛውን፣ 1:23.58ን ነው። ሦስተኛው ሰው እያወራ ወይም እየተደናገረ ዘግይቶ ተጭኖ ከሆነ አማካይ የእርሱን ጥፋት ለሁሉም ያከፋፍለዋል፤ መካከለኛው ቁጥር ግን ከነጭራሹ ወደ ጎን ይተወዋል። ሁለቱ ሰዓቶች ከተስማሙ ደግሞ የእነርሱ ይጸናል። አንደኛው ሰዓት ሳይነሣ ከቀረና ሁለት ብቻ ከተረፉ አማካይ ይወሰዳል፤ ይህም ሌላ አማራጭ ስለሌለ ነው። በስታቲስቲክስ መግቢያ ኮርስ ላይ አማካይና መካከለኛ ለምን ይለያሉ ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መልስ አናውቅም።

ያልተነካው ሰሌዳ

በትላልቅ ውድድሮች አውራ ጣቱን የተካው በገንዳው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የንክኪ ሰሌዳ ነው። ስፋቱ ቢያንስ 2.4 ሜትር፣ ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ 30 ሳንቲ ሜትሩ ከውኃው በላይ፣ 60ው ከውኃው በታች ይሆናል። ሰሌዳው የዋናተኛውን እጅ ማወቅ፣ ማዕበሉን ግን መናቅ አለበት። ስለዚህ ለመሥራት የተወሰነ ግፊት ይጠይቃል፤ ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል። ደክሞት በጣቶቹ ጫፍ ብቻ የሚነካ፣ ወይም ከሰሌዳው በላይ ያለውን የገንዳ ጠርዝ የሚይዝ ሰው ግድግዳው ላይ ደርሶ ሳለ ሰዓቱ መቁጠሩን ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ማይክል ፌልፕስ ሚሎራድ ቻቪችን በ100 ሜትር ቢራቢሮ ቀዘፋ በ0.01 ሰከንድ ሲያሸንፍ የተነሣው ክርክርም ይኸው ነበር። ቻቪች እጁን ዘርግቶ እየተንሸራተተ ሲመጣ፣ ፌልፕስ ተጨማሪ ግማሽ ቀዘፋ ቀዝፎ ሰሌዳውን በኃይል መታው። የሰርቢያ ቡድን አቤቱታ ቢያቀርብም ፎቶግራፎቹ ከታዩ በኋላ ውጤቱ ጸና።

ከሰሌዳው ጀርባ ሁልጊዜ ሰው አለ። በየመስመሩ የቆሙ ሰዓት ያዦች ከዋናው ሰዓት ጋር የተገናኘ ቁልፍ ይጫናሉ፤ ከዚያም በኋላ በእጅ የሚያዘው ስቶፕዎች አለ። በአሜሪካ ውድድሮች የሰሌዳውና የቁልፉ ሰዓት ከ0.3 ሰከንድ በላይ ከተለያዩ ጉዳዩ እንዲመረመር ምልክት ይደረግበታል። ዋናተኛው በበኩሉ ማድረግ ያለበት ጥቂት ነገር ነው፤ ሆኖም በደከመ ሰዓት ይረሳል። ሰሌዳውን አጥብቆ መንካት፣ ዋና ዳኛው ሳያሰናብቱ ከመስመር አለመውጣት፣ በቦርዱ ላይ የታየው ቁጥር የማይመስል ከሆነ እዚያው መናገር። መደበኛው አቤቱታ ውድድሩ ካለቀ በ30 ደቂቃ ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። ጓደኛ በስልኩ የያዘው ሰዓት ለማስታወሻ ይጠቅማል፤ ለመዝገብ ግን አይበቃም።

ሁሉም ነገር ቢበላሽስ? ሰሌዳው ሳይሠራ፣ ቁልፉም ሳይጫን፣ ሰዓቶቹም ሳይነሡ ቢቀሩ? አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው መፍትሔ በሌላ ምድብ እንደገና መዋኘት ነው። ለ20 ዓመት ወጣት ይህ ብስጭት ነው፤ 800 ሜትር ዋኝቶ ለወጣ የ68 ዓመት ሰው ግን ቅጣት ነው። ጃፓናዊቷ አዛውንት ሚኤኮ ናጋኦካ ዋናን የጀመሩት ከ80 ዓመታቸው በኋላ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2015 በ100 ዓመታቸው 1,500 ሜትርን በ25 ሜትር ገንዳ ውስጥ በ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ54.39 ሰከንድ ጨርሰዋል። ገንዳውን 60 ጊዜ ማቋረጥ ማለት ነው። አንድ ዙር ቢዘለል ወይም አንድ ሰዓት ቢቆም፣ እንደገና ይዋኙ ሊባሉ የሚገባቸው ሰው አይደሉም። ሰዓት ያዡ ሰልችቶት ወንበር ላይ የሚቀመጥበት ያ ረጅምና ዝግተኛ ውድድር፣ በእርግጥም ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው ነው።

ሦስት ሚሊ ሜትር

መሣሪያ ሲሻሻል ሌላ ዓይነት ስሕተት ይወለዳል። በ1972 እ.ኤ.አ. በሙኒክ፣ በ400 ሜትር ድብልቅ ቀዘፋ፣ ስዊድናዊው ጉናር ላርሰንና አሜሪካዊው ቲም ማኪ ሁለቱም 4:31.98 ገቡ። ሰዓቱ እስከ ሺሕኛ ሲነበብ ላርሰን 4:31.981፣ ማኪ 4:31.983 ሆነ፤ ወርቁም ለላርሰን ተሰጠ። በዚያ ፍጥነት ሁለት ሺሕኛ ሰከንድ ማለት ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የገንዳ አሠራር ደንብ ግን አንድ መስመር ከ50 ሜትር በሦስት ሳንቲ ሜትር እንዲረዝም ለረጅም ዘመን ሲፈቅድ ኖሯል። በስምንት ዙር ይህ እስከ 24 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ሰዓቱ የለካው የዋናተኞቹን ልዩነት ይሁን የግንበኛውን፣ ማንም ሊለየው አይችልም። ከዚያ ወዲህ ውጤት የሚነበበው እስከ መቶኛ ብቻ ነው። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ሁለት አሜሪካውያን ሴቶች በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ እኩል 55.92 ገብተው ሁለቱም ወርቅ ተሸልመዋል። መሣሪያው የሚያውቀውን ሁሉ አለመጠየቅም የመለካት ሳይንስ አካል ነው።

ደብረ ታቦር ላይ ቢሆን

ይህን ሁሉ ወደ እኛው አካባቢ እናምጣው። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ፤ በወንዞቹ ዳር ያደገ ልጅ ዋና የሚማረው ያለ አሠልጣኝ ነው። ደቡብ ጎንደር የጣናን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ ሳለ ውኃ አነሰው ማለት አይቻልም። ሐይቁ ግን ግድግዳ የለውም፤ ርቀቱ በሜትር ይለካል እንጂ በሳንቲ ሜትር አይለካም፤ በዳርቻው ቢልሃርዚያ መኖሩም የታወቀ ነው። ስለዚህ የምናስበው በቅጡ የተለካ የ25 ሜትር ገንዳ ነው። መሣሪያው ውድ ነው የሚለውን ሰበብ አንቀበለውም። ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የቀለጠበት አገር በየመስመሩ ሦስት ስቶፕዎችና ሦስት ንቁ ሰዎች ማሰለፍ አያቅተውም።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 72 ከመቶ ያህል ነው። ታዲያ የመነሻው ድምፅ በዚህ ስስ አየር ውስጥ ይዘገያል? አይዘገይም። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በሙቀት እንጂ በግፊት አይደለም። ጠዋት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰከንድ 337 ሜትር፣ እኩለ ቀን በ25 ዲግሪ 346 ሜትር ያህል ይሄዳል። በደጋ ድምፁን የሚያዘገየው የጠዋቱ ቅዝቃዜ ነው፤ እርሱም ለሰዓት ያዥ የሚታወቅ ልዩነት አያመጣም።

ልዩነት የሚያመጣው ሳንባ ነው። በሜክሲኮ ሲቲ ኦሊምፒክ የአጭር ርቀት ሯጮችንና ዘላዮችን የጠቀማቸው የአየሩ መሳሳት ነበር። ዋናተኛ ይህን ጥቅም አያገኝም፤ የሚታገለው ከውኃ ጋር ነው፣ ውኃ ደግሞ ተራራ ላይ አይሳሳም። ጥቅሙ ቀርቶበት ጉዳቱን ብቻ ይሸከማል። ሯጭ ሲያሻው ሊተነፍስ ይችላል፤ ዋናተኛ ግን የሚተነፍሰው ቀዘፋው በፈቀደለት ጊዜ ብቻ ነው። በአሜሪካ የዋና ማኅበራት ከ3,000 ጫማ በላይ በሚገኙ ገንዳዎች ለተመዘገቡ የ200 ሜትርና ከዚያ በላይ ውድድሮች ለማጣሪያ ሲባል ሰዓት ይቀንሳሉ፤ ከፍተኛው እርከን ከ6,500 ጫማ ይጀምራል። በዚህ ሚዛን ጣና በመካከለኛው እርከን ሲወድቅ፣ 8,900 ጫማ ያህል ላይ ያለችው ደብረ ታቦር ከከፍተኛውም በላይ ናት። በዓለም መዝገብ ግን እንዲህ ያለ ቅናሽ የለም። የደብረ ታቦር ዋናተኛ ሰዓቱን ከባሕር ዳርቻ ሰው ጋር ሲያነጻጽር ቅናሹን በራሱ ደብተር ላይ ይጻፍ።

የሁለት አቆጣጠር ወጥመድ

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ የሰዓት ስሕተት የኢትዮጵያውያን የብቻችን ነው። ውድድሩ 2 ሰዓት ይጀመራል ሲባል የእኛ ሰው ጠዋት፣ እንግዳው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ምሩጽ ይፍጠር በ1972 እ.ኤ.አ. በሙኒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ ካገኘ በኋላ የ5,000 ሜትሩ ያመለጠው በሰዓቱ መነሻው ላይ ባለመገኘቱ ነው፤ ምክንያቱ እስከ ዛሬ በልዩ ልዩ መልክ ይነገራል። ከስምንት ዓመት በኋላ በሞስኮ ሁለት ወርቅ ሲያገኝ ደግሞ የውጭ ጋዜጠኞች ያስጨነቃቸው ዕድሜው ነበር።

በማስተርስ ውድድር ዕድሜ ከሰዓት እኩል ይመዘናል። በዋና ሕግ የዕድሜ ክልል የሚወሰነው ውድድሩ በሚደረግበት ዓመት እስከ ዲሴምበር 31 ቀን ድረስ በሚሞላው ዕድሜ ነው። ብዙ ሰው የልደት ዓመቱን ለመለወጥ ስምንት ይደምራል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለደ ግን የሚደመረው ሰባት ነው፤ ከጳጉሜን 6 ማግስት በሚጀምረው ዓመት ደግሞ ወሰኑ ታኅሣሥ 21 ይሆናል። ኅዳር 1973 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በትክክለኛው ስሌት እ.ኤ.አ. በ1980 ተወልዷል፤ በ2025 ውድድር 45 ዓመት ይሞላዋል፣ ምድቡም ከ45 እስከ 49 ነው። ስምንት ደምሮ 1981 ብሎ ከሞላ ግን 44 ዓመት ተብሎ ከ40 እስከ 44 ካሉት ጋር ይሰለፋል። የመመዝገቢያ ቅጽ ሲሞላ ታዲያ ከዓመተ ምሕረቱ በፊት ወሩን መጠየቅ ያስፈልጋል።